ክቡር ሌስሊ እና ፓርኪንግን በቀጥታ የማስያዝ ኃጢአት

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። እናንተ የከፈላችሁበትን ማንኛውንም ነገር ከእናንተ ቀድሞ፣ ከእናንተ በተሻለ መንገድና ከእናንተ ባነሰ ዋጋ ሊያገኘው ይችል የነበረ ሰው። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ብትወጡ ጫማውን አያይም፤ ዓይኑ ደረሰኙን ነው የሚፈልገው። ጥርሳችሁን አስነቅላችሁ ጉንጫችሁን ይዛችሁ ብትመጡ "አመመሽ?" አይልም። "የት አስነቀልሽ?" ይላል፤ ቀጥሎም በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል።

የኛ ሰፈር ድርሻ የተከበሩ ሚስተር ሌስሊ ኤንትዊስል ናቸው። እንግሊዝ አገር፣ በርንሊ ውስጥ ከኔ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እኔ ሳስነጥስ እሳቸው ወዲያ ማዶ "ይማርሽ" ይላሉ። ዕድሜያቸውን ምንጣፍ ሲሸጡ ኖሩ። ለሌላው ሰው ዋጋ ሲጨምሩ ኖረው ኖረው፣ ጡረታ የወጡ ዕለት ማንም በእሳቸው ላይ እንዳይጨምር ማሉ። ፊት ለፊት "አንተ" እያልኩ ነው የማወራቸው፤ የብዙ ዓመት ጎረቤቶች ነን። በጽሑፍ ግን አንቱታ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ሊቅ በአንተ አይጻፍም።

ሚስተር ኤንትዊስል ስለ ሁሉም ነገር ያውቃሉ፤ የተመረቁበት ሙያ ግን አንድ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ፓርኪንግ። የእምነታቸው የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ የመኪና ማቆሚያ ቦታን ከራሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ የሚያስይዝ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሚሊየነር። ዋጋ የሚያወዳድሩ ድረ ገጾች እያሉ፣ ከድረ ገጾቹ ጀርባ ደላሎች እያሉ፣ ከደላሎቹ ጀርባ ሌሎች ደላሎች እያሉ፣ ሰው እንዴት ዝም ብሎ የባለቤቱን በር ያንኳኳል?

"በቀጥታ?" ይላሉ፤ ቃሉን ከምላሳቸው ላይ እንደ ፀጉር እያነሱ። "በቀጥታ ነው ያስያዝሽው? ኧረ በፈጠረሽ! ደላላውን ሳትጠይቂ?"

ድረ ገጾቹ እንደሚያውቋቸው ያምናሉ። "እቤቴ ስከፍተው ዋጋው ይወጣል" ብለው በሹክሹክታ ነግረውኛል፤ "ሌስሊ መጣ ይባባላሉ።" ስለዚህ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደው፣ የካፖርታቸውን ኮሌታ አቁመው፣ በዚያ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። አንድ ቀን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከጀርባቸው ስታልፍ በድንጋጤ ገጹን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት የሕፃናት መጻሕፍት ካሉበት የራቀ ወንበር ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ግን ለተመራማሪ የተሰጠ ክብር ይመስላቸዋል።

ባለቤታቸው ዶሪን ወርቅ የሆነች ሴት ናት፤ ማጋነኔ አይደለም። የስፔኗን ደሴት ማዮርካን በሐምሌ ፀሐይ ለማየት ስትመኝ የኖረች ሴት ናት፤ ያየችው ግን በኅዳር ነው፤ ፓርኪንጉ በኅዳር ረክሶ ስለተገኘ። ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ሚስተር ኤንትዊስል የሆቴሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው ዝናቡን እያዩ "መኪናችን ግን እንዴት ባለ ዋጋ ነው የቆመችው!" ይሉ ነበር አሉ። ዶሪን ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር ማልቀስ አለማልቀሷን መለየት አልቻልኩም።

የጥርስ ሐኪማችንን ደግሞ አፋቸውን ከፍተው በተኙበት አስተማሩት። መሣሪያው ድድ ውስጥ ገብቶ፣ ጥጡ ከከንፈር ወጥቶ፣ "ኧኸ-ኧኸ-ዓ?" አሉ። ሐኪሙ ያማቸዋል ብሎ ማደንዘዣ ጨመረ። "በቀጥታ ነው የምታስይዘው?" ማለታቸው ነበር። ማደንዘዣው ሲለቅ ተመልሰው ሄደው ጠየቁት።

እኔም አላመለጥኩም። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ጣሊያን ልሄድ ስነሳ እንደ ሰው ልጅ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ቦታ አስያዝኩ። ሚስተር ኤንትዊስል በአጥሩ በኩል ሰሙ።

"ሰርዢው" አሉ።

"ሌስሊ፣ አልቋል፤ ከፍያለሁ።"

"የሚሰረዝ ነው፤ ሰርዢው። ንጉሣዊ አቀባበል የሚባል አለ። በሩ ላይ ይቀበሉሻል፤ ቁልፉን ሰጥተሽ እንደ ንግሥት ትገቢያለሽ። ያውም በከፈልሽው ግማሽ ዋጋ! በኔ ይሁን።"

ሰረዝኩት። ሰው በጉልበቱ አይደለም የሚሸነፈው፤ በድካሙ ነው። ተርሚናሉ በር ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ቁልፌን ተቀብሎ ገና እጄን ሳላወርድ መኪናዬን ይዞ ተፈተለከ። ስመለስ በዝናብ ቆሜ ጠበቅኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ቀለሙ ጭቃ ስለሆነ የኔ መኪና መሆኑን ያወቅኩት በታርጋው ነው፤ እሱንም በጣቴ ጠርጌ። መቀመጫው ለረጅም ሰው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ሬዲዮው ሰምቼው በማላውቀው ጣቢያ ይጮሃል፤ ውስጡ የኮምጣጤና የድንች ጥብስ ይሸታል፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ጭድ አለ። ጭድ! ንጉሣዊ አቀባበሉ መኪናዬን ያሳደረው አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ኖሯል።

እንደዚያው እንዳለ ነድቼ መጥቼ በራቸው ላይ አቆምኩት። ሚስተር ኤንትዊስል በነጠላ ጫማ ወጥተው መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

"ጭቃ ይታጠባል" አሉ። "ያተረፍሽው ግን አይታጠብም።"

እስከዚህ ድረስ ያለውን እየሳቅኩ ላወራው እችላለሁ። የማልታው ነገር ግን እንዲያ አልነበረም።

ሮዛሊንድ የኤንትዊስሎች አንድ ልጅ ናት፤ ፒያኖ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የማልታ ልጅ ወደደችና ሠርጉ በሙሽራው አገር ሊሆን ተቀጠረ። ሦስታችን፣ ማለትም ሊቁ፣ ዶሪንና እኔ፣ በዋዜማው በእሳቸው መኪና ወደ ማንቸስተር ተጓዝን። የሠርጉን ኬክ ዶሪን ናት የጋገረችው፤ ከወራት በፊት ጋግራ፣ በየሳምንቱ ብራንዲ እያጠጣች ያሳደገችው የዘቢብ ኬክ። ኬኩ እኔ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ሚስተር ኤንትዊስል መንገዱን ሁሉ ስለ ፓርኪንጉ ሲያወሩ ነበር፤ ይህኛው የሕይወታቸው ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ከዚህ በፊት የሰው ልጅ አላየውም።

ማቆሚያው በር ላይ ስንደርስ መዝጊያው አልተነሳም። ትንሽ ወደ ኋላ ብለው እንደገና ቀረቡ። አልተነሳም። በሩ ሥር ካለችው ትንሽ የጥበቃ ቤት አንዲት ጠባቂ ወጣች።

"ታርጋዎ የለም ጌታዬ።"

"ታርጋዬማ አለ፤ ያው ፊት ለፊትሽ ተለጥፎ።"

"እኛ ጋ አልተመዘገበም ማለቴ ነው።"

ሚስተር ኤንትዊስል ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚሉ ሲዘጋጁ የኖሩ ይመስላሉ። ስልካቸውን አውጥተው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍተው፣ ዋጋ የሚያወዳድረው ድረ ገጽ ጋ ደወሉ። አንድ ልጅ እግር ድምፅ "እኛ የምናወዳድር ብቻ ነን፤ ያስያዘልዎትን ይጠይቁ" አለ። ያስያዘላቸው ጋ ደወሉ። "እኛ የምናገናኝ ብቻ ነን፤ ቦታውን ለሌላ ድርጅት አስተላልፈናል፤ እሱን ይጠይቁ።" ሌላው ድርጅት ጋ ደወሉ። ሙዚቃ።

ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ጠባቂዋ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችን፤ ኬኩንም አየች።

"ቦታ አለኝ" አለች። "የበሩን ዋጋ ይክፈሉና ይግቡ። ከደላላዎ ጋር ሲመለሱ ይጨቃጨቃሉ።"

"የበር ዋጋ?" አሉ ሚስተር ኤንትዊስል። "እኔ?"

"ሌስሊ፣ ክፈል" አለች ዶሪን።

"ነገሩ የገንዘብ አይደለም፤ የመርህ ነው።"

"ነገ ልጅህ ታገባለች።"

"ታግባ! እኔ ደግሞ በቀን በብርሃን አልዘረፍም። ሁለት ደቂቃ ስጪኝ፤ አሁን ስልኩን ሊያነሱ ነው…"

"ሙዚቃ ነው የሚሰማው ሌስሊ። ሙዚቃ!"

ዶሪን በሯን በረገደችው። ወረደች፤ የመኪናውን የዕቃ መጫኛ ከፍታ ሻንጣዋንና ሻንጣዬን አወጣች፤ በሬን ከፈተችልኝ። "ኡና፣ ኬኩን አጥብቀሽ ያዥ" አለችኝ። አመላላሽ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ደረስንበት። በአውቶቡሱ የኋላ መስኮት ሳይ ሚስተር ኤንትዊስል ስልኩን ወደ ጆሮአቸው ደግነው፣ አንድ ጣታቸውን ሽቅብ ቀስረው፣ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል።

አውሮፕላኑ ሳይደርሱ ተነሳ። ኬኩ በእሳቸው ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ማልታ ገባ።

በማግስቱ ሮዛሊንድ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነጭ ልብሷን ለብሳ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ቄሱ ሁለቴ ወጥተው ጠየቋት፤ ሁለቴም "ትንሽ እንቆይ አባቴ" አለቻቸው። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷ ሲቀና አየሁ። በመጨረሻ እናቷ እጇን ይዛ አስገባቻት። ዶሪን በጣም ቀጥ ብላ ነበር የሄደችው።

ሚስተር ኤንትዊስል በሌላ አገር በኩል ዞረው ዞረው ሲደርሱ ሳህኖቹ እየተነሱ ነበር። ሱፋቸው ክንዳቸው ላይ ነው፤ ለመልበስ ጊዜ አላገኙም። ሮዛሊንድ ሳመቻቸው። "መጣህ አባዬ" አለች። በዚህ ቢያበቃ ይቅር እል ነበር። ግን አንድ ብርጭቆ እንደያዙ ከሙሽራው አጎት አጠገብ ተቀመጡና፣ በገዛ ጆሮዬ ሰማኋቸው፣ ያመለጣቸውን በረራ የተካውን ቲኬት በየትኛው ድረ ገጽ እንዴት አድርገው በርካሽ እንዳገኙት ያስረዱ ጀመር። ከፊቴ የነበረውን የወይራ ሳህን ሳላስበው አንስቼ ነበር። ዶሪን እጄን ያዘችኝ። "ተዪው" አለች፤ "ሌላ የሚያወራው የለውም።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እሳቸው ጓሮ ሲወጡ እኔ መስኮት እዘጋ ነበር። ሰላም እላለሁ፤ ከሰላምታው በላይ ግን አልሄድም። ሲያስነጥሱም ዝም። በሰፈሩ ስለ ፓርኪንግ ሲያወሩ የሰማቸው የለም ይባል ነበር፤ እኔ አላመንኩም። አዲስ ድረ ገጽ እየመረመሩ ነው የመሰለኝ።

ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት ወንድሜ ፈርገስ አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ድንገት ሞተ። የወንድሜ ሚስት ደውላ ነገረችኝ። የኛ የአይሪሾች ቀብር ቀን አይሰጥም፤ ከነገ ወዲያ ይቀበራል። በስልኬ ቲኬት ቆረጥኩና ስልኩን እንደያዝኩ ወጥቼ ጓሮዬ ውስጥ ቆምኩ፤ ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ዶሪን በኩሽናዋ መስኮት አይታኝ በእጇ ላይ ሳሙና እንዳለ መጣች። ነገርኳት። አቀፈችኝ። በትከሻዋ በኩል ሳይ ባሏ ከኋላ ቆሟል።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቱ እያልኩ ልነግራችሁ አይሆንልኝም።

"ቲኬት ይዣለሁ" አልኩ፤ "ከሰዓት በኋላ ነው በረራዬ። ፓርኪንግ ብቻ ማስያዝ ነው የቀረኝ።"

"አታስይዢም" አለ ሌስሊ።

ከአጠገቤ የቆመውን አካፋ ያዝኩ። "ሌስሊ፣ ዛሬ ስለ ደላላ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በዚህ አካፋ…"

"አታስይዢም፤ እኔ አደርስሻለሁ። ጥቁር ኮትሽ ንጹሕ ነው? ዶሪን፣ እይላት እስቲ።"

እስከ ማንቸስተር ድረስ ምንም አልተናገረም። የሌስሊን ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ መኪናው የተበላሸ መሰለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ስንደርስ ሰው በነጻ የሚወርድበት ራቅ ያለ ቦታ አለ፤ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የሚገባው። እዚያ እንደሚጥለኝ አልተጠራጠርኩም፤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አዘጋጀሁ። አለፈው። ተርሚናሉን ተደግፎ የቆመው ባለ ብዙ ፎቅ ማቆሚያ ጋ ደርሶ፣ ሳያስይዝ፣ ሳያወዳድር፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ከማሽኑ ትኬት ሳበ። መዝጊያው ተነሳ። ገባን።

እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት መቆም ምን እንደሚያስከፍል ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። የዚህ አገር ሰው ስለዚያ ዋጋ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"ሌስሊ" አልኩት፤ "በሩ ላይ ብትጥለኝ ይበቃኝ ነበር።"

"ሻንጣሽን ማን ይይዛል?"

ሻንጣዬ ትንሽ ነበረች፤ አንድ እጅ ይበቃታል። ይዞልኝ ገባ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አብሮኝ ተሰለፈ። መሐል ላይ ማልቀስ ስጀምር ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ መሐረቡን ሰጠኝ፤ የተተኮሰ፣ ጠርዙ ላይ ስሙ የተጠለፈበት መሐረብ። ተጓዥ ያልሆነ የማያልፍበት በር ላይ ስንደርስ ቆመ። ሻንጣዬን አቀበለኝ፤ እጀታውን ግን አልለቀቀም።

"እኔ አርፍጃለሁ" አለ መጨረሻ ላይ። "ያኔ። አንቺ እንዳታረፍጂ ነው።"

ከዚያ "ሂጂ፣ ሂጂ፣ በሩ ይዘጋል" ብሎ ገፋ አደረገኝ፤ ገና ብዙ ጊዜ ነበረኝ።

ፈርገስን ቀበርነው። ሰው ብዙ ነበር፤ መሬቱ እርጥብ ነበር። እኔ ለወንድሜ ሚስት ስል ጠንክሬ ዋልኩ፤ በማግስቱም ጠንክሬ ቁርስ በላሁ፤ በአውሮፕላኑም ጠንክሬ ተቀመጥኩ። ፊቴ ከድንጋይ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ማንቸስተር ስወጣ እንዲቀበለኝ ለማንም አልነገርኩም። ሌስሊ ግን በሚጠባበቁት ሰዎች መሐል ቆሟል፤ ክራቫት አድርጎ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዞ። ዶሪን የላከችው፣ አይብና ሽንኩርት በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረበት ፓይ ነው። "ሳይቀዘቅዝ ብዪው ብላለች" አለኝ። ቀዝቅዟል። ከኮርክ የሚመጣውን በረራ ሁሉ እየጠበቀ ስንት ሰዓት እንደቆመ አልጠየቅኩትም። ሻንጣዬን ተቀበለኝና ወደዚያው ተርሚናሉን ወደተደገፈው ማቆሚያ ሄድን።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወጣን። መኪናው የለም።

"ሦስተኛ ነው" አለ ሌስሊ።

ሦስተኛው ላይም የለም። ቁልፉን ሽቅብ አንስቶ ተጫነው፤ ከሩቅ የሆነ ቦታ አንድ መኪና ጮኸ። ወደ ድምፁ ሮጥን፤ የሌላ ሰው ነበር፤ ሰውየው ሻንጣ እየጫነ "ምን ፈለጋችሁ?" አለን። አራተኛው ፎቅ ወጣን። ሌስሊ ካፖርቱ ተከፍቶ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ሄዶ፣ ቁልፉን እንደ ጸበል እየረጨ በመኪኖቹ መሐል ይሄዳል። ለካ ሰውየው የአገሩን ፓርኪንግ ሁሉ ዋጋ ሲያውቅ እኔን ከሸኘበት ቀን በቀር እዚህ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ኖሯል! ዓምዶቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ፊደል ሰው እንደሚይዘው የነገረው የለም።

"አየሽ?" አለ እየተነፈሰ። "አየሽ በቀጥታ ሲገባ? መኪናሽ የት እንዳለ እንኳን አይነግሩሽም! ደላላ ቢኖር…"

ሳቄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከሆዴ ነው የተነሳው። አንዱን ዓምድ ይዤ ሳቅኩ፤ ፓይዬ እጄ ላይ ተሰበረ፤ እንባዬ ወረደ፤ እንደገና ሳቅኩ። ሌስሊ ቆሞ አየኝ። መጀመሪያ የተቀየመ መሰለ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"ምንም" አልኩ። "ምንም ሌስሊ። አምስተኛውን እንይ።"

ክንዱን ያዝኩት። ወጣን። አምስተኛው ላይ የለም፤ እየወረድን እንደገና ሁለተኛውን ማየት ሊኖርብን ነው። ከታች ማሽኑ ደቂቃውን ይቆጥራል፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ሰውየው ግን ሰዓቱን አንድ ጊዜ እንኳን አላየም፤ ተራ በተራ፣ ፎቅ በፎቅ፣ ከአየርላንድ ስለመጣው ነፋስና ስለ ፓዩ እያወራ ይዞኝ ይዞር ነበር። እኔም ያ መኪና ቶሎ እንዳይገኝ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት።